የባዶው ወንበር ክብደት

ሃስከል ፕሩዊት ሰው ያምናል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። እሱ የሚያምነው ሚዛን ነው። በሰሜን አላባማ መኪና የሚያሽቀዳድም ሁሉ የመኪናው የኋላ እግር ሲያስቸግረው ወደ ሃስከል ጋራዥ ያመጣታል፤ እሱም ከአራቱ ጎማዎች ሥር አራት ሚዛን ዘርግቶ፣ የነጂውን ክብደት የሚያህል የአሸዋ ከረጢት ወንበሩ ላይ ቆልሎ ይመዝናታል። ነጂው ራሱ ልቀመጥ ቢል አይሰማም። «ሰው ይቁነጠነጣል፤ አሸዋ አርፎ ይቀመጣል» ይላል። ስንቱ ለምኖት ነበር! ጆሮ ዳባ ልበስ።

ያን ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጋራዡ ውስጥ የቆመችው ግን የእንግዳ መኪና አልነበረችም። የታናሽ ወንድሙ የዶይል ሰማያዊ መኪና ናት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በቀጥታ መንገድ በሚደረግ የፍጥነት ውድድር፣ ዶይል በእሷ ተነሥቶ ገና መንገዱን ሳያጋምስ ወደ ግራ ታጠፈችና ከግንቡ ጋር አላተመችው። እዚያው ሞተ። ለዚያ ውድድር መኪናዋን ያዘጋጃት ሃስከል ነበር። ምን እንዳጠፋ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢያወጣ ቢያወርድ አላገኘውም፤ ብቻ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ደምድሟል። ይህንንም ለማንም ተንፍሶ አያውቅም።

አሁን ደግሞ መኪናዋ ተጠግና የዶይል ልጅ ማርላ ቅዳሜ ውድድር ላይ ልትነዳት ነው። እምቢ ቢላት በጄ አላለችም፤ የአባቷ ልጅ አይደለች! በመጨረሻ «የኋላውን ባሌስትራ ካልቀየርኩ ቁልፉን አታዪውም» አላትና በባሌስትራው ፈንታ ንዝረት በሚያበርደው አሞርዛተር ላይ የተጠመጠመ ሞላ ገጠመላት፤ ከሥሩ ያለውን ቀለበት ሲያዞሩት የሚጠብቅና የሚላላ ነው። ዶይል በሕይወት ሳለ አሥር ዓመት የለመነው ይህንኑ ነበር። ሃስከል ግን «ባሌስትራ አባታችንን ተሸክሟል፤ አንተንም አይጥልህም» እያለ ያሾፍበት ነበር።

የመጨረሻውን ዳዶ አጥብቆ መኪናዋን ሚዛኑ ላይ አወረዳት። ጠዋት፣ ባሌስትራው ሳይወልቅ፣ ባዶዋን 2600 ፓውንድ ነበረች። አዲሱ ሞላ በአርባ ስለሚቀል 2560 ማለት አለባት። 2712 አለች።

«ኧረ ተይ!» አለ ሃስከል።

መኪናዋን ይዞ አነቃነቃት። ሚዛኖቹን አቀያየረ። ወንበሩ ሥር የተረሳ ከረጢት እንዳለ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ምንም የለም። ትርፉ 152 ፓውንድ ነው፤ ሁሉም በግራ፣ በነጂው በኩል። የግራው ሞላም ዝቅ ብሏል። ከሁሉ የባሰው ግን ቁጥሩ ነው፤ 152 ይላል፣ 153 ይላል፣ ተመልሶ 152 ይላል። አሸዋ እንዲህ አያደርግም። እንዲህ የሚያደርገው የሚተነፍስ ሰው ነው። በነሐሴ ሙቀት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሃስከል የክንዱ ጸጉር ቆመ።

ማርላ ከሥራ ወጥታ ስትገባ በርሜል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እንደ አገሬው ልማድ ኮካዋ ውስጥ ኦቾሎኒ ጨምራ እየጠጣች ነው።

«ምነው አጎቴ፣ መንፈስ ያየህ መሰልክ?»

«አፍሽን ዝጊ» አላት። «ነይ፣ ይሄን አንብቢልኝ። ዓይኔ ከሆነ ልወቅ።»

«2712። ታዲያ ምን ይሁን?»

«ባዶ ናት ማርላ። ባዶ ናት፣ ግን 152 ፓውንድ የሚመዝን ሰው ተቀምጦባታል።»

ልጅቱ ክው አለች። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ መጨረሻ ሆስፒታል ሲመዘን 152 ነበር» አለች።

«የምን ሆስፒታል? ዶይል 210 ነው! ከረጢቱን የቆለልኩት ራሴ ነኝ።»

«ካንሰር ነበረበት። የእሳት መከላከያውን ወፍራም ጃኬት ከላይ ሲደርብ መክሳቱ አይታወቅም ነበር። ‹ሃስከል ካወቀ አያስነዳኝም› ብሎ አስማለኝ። ይቅር በለኝ አጎቴ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ዶይል ግን ከበሽታው ይልቅ በመደበቁ ሞተ። ሃስከል ወዲያው ገባው። መኪናዋን ለ210 ፓውንድ ሰው አዘጋጃት፤ የገባባት 152 ነው። ግራው ቀለለ፣ ቀኙ በረታ፣ ቀኙም ወደ ግራ ገፍቶ ከግንቡ ጋር አጋጫት። እኔ አይደለሁም ለካ! ብሎ ደስ ሊለው ሲል ደግሞ ንዴት አነቀው። አንተ ውሸታም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሣኸኝ።

ማርላ ሳትጠይቀው በሩን ከፍታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ውጪ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ግን ሚዛኑን አየ። በግራ የቀረው የማርላ ብቻ ነው፣ 128። 152ቱ ወደ ቀኝ የኋላ ጎማ ተሻግሯል። በዚያ በኩል ወንበር እንኳ የለም፤ ባዶ ላሜራ ነው። ሃስከል እያየ የቀኙ ሞላ ሲጥ እያለ ግማሽ ጣት ያህል ወረደ።

«ቦታ ለቀቀልኝ» አለች ማርላ ወደ ቀኝ ሳትዞር። እንባዋ ይወርዳል። «አጠገቤ ነው። ይበርደኛል፣ ቀኝ ትከሻዬን ብቻ።»

ሃስከል ቁጥሩን ደግሞ ደጋግሞ አነበበ። ሞተሩ ሲነሣ ቀኙን የኋላ ጎማ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ክብደት የሚፈለገው እዚያው ነው። በአርባ ዓመት ሥራው እንዲህ ልክክ ያለ ሚዛን አላየም። ቀለበቱን ሳይነካ መኪናዋ እንደ ክር ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

«እንዲሁ ተዋት» አለችው። «አብሮኝ ይሂድ።»

ልቡ ፈለገ፤ ምን ይዋሻል! ወንድሙ ነው። ግን ቅዳሜ ባይመጣስ? መንገዱ ላይ ቢወርድስ? ደግሞ በሌለ ሰው ክብደት ተዘጋጅታ፣ ደግሞ ግንብ።

ወደ ቀኝ በኩል ዞሮ ሄደና በመስኮቱ ጎንበስ አለ። ብርዱ ፊቱን ነካው።

«ዶይል፣ ውረድ።»

ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

«ናፍቀኸኛል። እግዜር ያውቃል፣ ናፍቀኸኛል። ግን በክብደትህ አንዴ ዋሽተኸኛል ወንድሜ። በልጅህ ነፍስ ላይ አንተን አላምንህም። ውረድ።»

152። 153። 152። ብዙ ቆየ። ከዚያ የቀኙ ሞላ ቀስ ብሎ ተቃና፣ መኪናዋ ግማሽ ጣት ብድግ አለች፣ ትርፉም ጠፋ።

ማርላ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ጮኸች። «ለምን አባረርከው? አንተ እንኳ አናገርከው! እኔ ደህና ሁን እንኳ አላልኩትም!»

የአሸዋ ከረጢቶቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ሃስከል ወደ እነሱ አልሄደም። መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ ከቀኙ ሞላ ሥር ገባ፤ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል።

«አትውረጂ» አላት። «እዚያው ተቀመጪ ልጄ። አልቅሺ፣ ግድ የለም። ቁጥሩ እስኪረጋ እጠብቃለሁ።»

እየጠበቀም፣ በዶይል ፈንታ ሞላው ጎማውን እንዲጫነው፣ ቀለበቱን አንድ ዙር አጠበቀው።