ስድስት ዓይነት ኃይሉ

ቀመሪያ ሱልጣን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች የኅትመት ቤት ውስጥ ስትተይብ ዓመታት አልፈዋል። ጣቶቿ ፊደላቱን ሳታይ ያገኟቸዋል። ያም ሆኖ «ኮምፒውተር አዋቂ» ብሎ የጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ጸሐፊዋ» ይላታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የመካኒሳ አቦው ጡረተኛ መምህር ጋሽ ወጋየሁ ፍላሽ ይዘው መጡ። የሰፈራቸውን ዕድር ታሪክ ጽፈዋል፤ አራት መቶ ገጽ፣ የስምንት ዓመት ልፋት። የተየቡት ግን ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ስሞቹን በየራሳቸው ፊደል፣ ያውም አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ነው የጻፉት። በዚያ ላይ ጋሽ ወጋየሁ ለራሳቸው ያስቀመጧቸው ማስታወሻዎች በሁለት # ምልክት መካከል በየገጹ ተበትነዋል፤ ከመታተሙ በፊት መውጣት አለባቸው።

«ኃይሉ የሚባለው አንድ ሰው በስም ማውጫው ላይ ስድስት ሰው ሆኖ ወጣ እኮ!» አሉ።

የቤቱ ባለቤት ሉቃስ ራሱን አከከ። «ጋሼ፣ በእጅ ከታረመ ወር ይፈጃል። ፕሮግራመር ነው የሚያስፈልገው።»

«እስከ ሐሙስ ለእኔ ስጠኝ» አለች ቀመሪያ። ከአፏ ካመለጣት በኋላ ራሷም ደነገጠች።

በምትሠራበት ፕሮግራም የመፈለጊያ ሣጥን ጥግ ላይ ነጥብና ኮከብ ያለባት ትንሽ ቁልፍ አለች። አንድ ቀን በስሕተት ተጭናት ጽሑፉ በሙሉ ቀለም ሲለብስባት ደንግጣ ትታታለች። አሁን ግን መመሪያውን ስልኳ ላይ ከፍታ፣ እንግሊዝኛውን እየቆራረሰች ደብተሯ ላይ ገለበጠች፦ ነጥብ ማንኛውም አንድ ፊደል ነው፤ ኮከብ ደግሞ ምንም ያህል ይደጋገም ማለት ነው።

የጽሑፉን ቅጂ አወጣችና #.*# ብላ ማስታወሻዎቹን አጠፋች። አንቀጽ አንቀጹ ተውጧል! ወደ ኋላ መለሰችና ትክ ብላ አየች። ማሽኑ አልተሳሳተም። ከአንቀጹ የመጀመሪያ # አንስቶ እስከ መጨረሻው # ድረስ ያለውን ሁሉ ነበር የጠረገው፤ ያዘዘችውም ይህንኑ ነው።

«ሆዳም!» አለችው።

ማክሰኞ ከሰዓት መድኃኒቱን አገኘች። ከኮከቡ ኋላ አንዲት የጥያቄ ምልክት ስትጨመር ፍለጋው ቅርብ ያለው # ላይ ይቆማል። #.*?# ብላ ጻፈች። እያንዳንዱ ማስታወሻ ለብቻው ቀለም ለበሰ፤ ሌላው ጽሑፍ ንክች አላለም። ቀመሪያ ማስታወሻዎቹን አጥፍታ ብቻዋን ሳቀች።

ረቡዕ ወደ ስሞቹ ገባች። በማዕዘን ቅንፍ የተከበቡ ፊደላት «ከእነዚህ አንዱ» ማለት እንደሆነ ተምራለች። [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ ስትል ስድስቱም ኃይሉዎች እንደ ተጠሩ ተማሪዎች ተራ በተራ ብቅ አሉ። «የሃይሉ»፣ «ለሀይሉ»፣ «ከሐይሉ» ሲመጡም የፊተኛው ፊደል በቦታው እንዳለ ስሙ ብቻ ተስተካከለ። እያንዳንዱን እያየች አጸደቀች። ከዚያ ፀሐይን፣ ሣህለን፣ ዓለሙን... ሐሙስ ረፋድ ላይ የቀረ ስም አልነበረም።

ጋሽ ወጋየሁ መነጽራቸውን አድርገው ማውጫውን በጣታቸው ወረዱ። ኃይሉ ላይ ቆሙ። አንድ ብቻ ነው።

«ማነው የሠራው?»

ሉቃስ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቀመሪያ ቀደመችው። «እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧት። «ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ፣ ልጄ። ጎበዝ ሳይ አውቃለሁ።»

ቀመሪያ አመስግና ጎንበስ ማለቱ ለምዶባት ነበር። ዛሬ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ፈገግ አለች።

እሳቸው እንደወጡ ሉቃስ ወንበሩን እየጎተተ አጠገቧ መጣ። ዲግሪው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«እትዬ ቀመሪያ፣ እስቲ ያችን የጥያቄ ምልክት አሳዪኝ።»

ደብተሯን ወደ እሱ አስጠጋችለት። «በመጀመሪያ» አለችው፣ «ቅጂ አውጣ።»