ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የግራፊክስ ዲዛይነሩ የናሆም ሥራ በጉጠት ተነቅሎ ወጣ። የወጣው በቀኝ ክንዱ በኩል ነው። ርዝመቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ይሆናል፤ መልኩ እንደ ጥሬ ጉበት ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ሽንኩርት ሥር ያሉ ቀጫጭን ክሮች ነበሩት። ተረካቢው በላስቲክ ጠቅልሎ የበረዶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ ናሆምም የርክክቡን ቅጽ በሦስት ኮፒ ፈረመ። የፈረመው በግራ እጁ ነው፤ ቀኙ አልታዘዝ ብሎት ነበር።

ይህ የሆነው ገርጂ፣ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ የዲጂታል ማርኬቲንግ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ አድጓል። እሰየው፣ እድገት ማን ይጠላል? በአራት ሰው ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ሠላሳ አንድ ደርሷል፤ የሆቴሉም፣ የታሸገ ውኃውም፣ የጫማ ፋብሪካውም የፌስቡክና የቲክቶክ ገጽ የሚሠራው እዚያ ነው። ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ምንተስኖት አንድ ስልጠና ሄዶ ተመለሰና፣ ያደገ ድርጅት ሥራውን በራሱ ሠራተኛ እንደማያሠራ፣ ለውጭ ተቋራጭ እንደሚሰጥ ነገራቸው። አውትሶርስ ይባላል አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። ሰው ለምን እንደሚያጨበጭብ አያውቅም እኮ።

ተቋራጩ ተረካቢ ላከ። ስሙ አቶ ጥጋቡ ነው፤ ቡኒ ኮት የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ጥፍሩን የከረከመ፣ ሰውን ሁሉ «ልጄ» የሚል ጨዋ ሰው። ከእሱ ጋር የመጡት ተተኪዎች ኮሪደሩ ላይ በወንበር ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሥራው ከነባሩ ሠራተኛ ሰውነት ወጥቶ ካልተሰጣቸው ከወንበራቸው እንኳ አይነሱም። ማደንዘዣ በውሉ ውስጥ አልተካተተም።

ማን ምን እንደሚሠራ የሚዘረዝረውን ወረቀት ያዘጋጀችው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ትርሲት ናት። ትርሲት እዚህ ከመምጣቷ በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ወረቀት ታውቃለች። የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሥራ መዘርዝር ስትጽፍ መጨረሻ ላይ «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል» ብላ ዘጋችው። ይህችን መስመር የማያውቅ የዚህ አገር ሠራተኛ አለ እንዴ? ጸሐፊም ሹፌርም ጥበቃም ሲቀጠር መጨረሻ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ማንም አያነባትም። ትርሲትም ሳታነባት ነው ስትገለብጣት የኖረችው።

አቶ ጥጋቡ ግን አነበባት።

«ይቺ የመጨረሻዋስ፣ ምን ምን ትይዛለች?» ሲል ጠየቃት።

«ያው የታዘዘውን ሁሉ» አለች ትርሲት። ለወጉ ያህል ነው የመለሰችው።

«የታዘዘውን ሁሉ» አለ። ጉጠቱን በሶፍት ጠረገና የናሆምን አንገት፣ ጎንና ሆድ በአውራ ጣቱ ይጫን ጀመር። የሚያምበት ቦታ ላይ ትእዛዝ አለ ማለት ነው።

የናሆም የቅርብ ኃላፊ ምንተስኖት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያዘዘው ሁሉ ተራ በተራ ወጣ። «ደንበኛ ፊት ፈገግ በል» ያለው ከሁለት መንጋጋ ጥርስ ጋር ወጣ። «ስልክህን እንዳታጠፋ» ያለው ከጆሮው ጀርባ ወጣ፤ ጆሮውም አብሮ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ምንተስኖት ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ «በሰላም ግባ» ይላል። እሱም ከቅርብ ኃላፊ የተሰጠ ነውና ከናሆም ጎድን ሥር ተገኘ። አልወጣ ስላለ አቶ ጥጋቡ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አሳርፎ ሳበው፤ አንድ የጎድን አጥንት ተሰበረ። ናሆም የጮኸው ያኔ ነው። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን የጽዳት ሠራተኛዋ በበረኪና አጠበችው።

አምስት ሰዓት ላይ ናሆም ደረጃውን ይዞ ወረደ። ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ወጣበት፤ ጭንቅላቱ የኋላው ጎማ ሥር ነበር። በሰላም አልገባም።

ማክሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሚኒባስ ተከራይቶ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የካ አባዶ ለቅሶ ሄዱ። ሲደርሱ ድንኳን የለም። የናሆም እናት በሩን ከፈቱላቸው።

«ምነው፣ በደህና ነው?» አሉ። «ናሆምን ፈልጋችሁ ከሆነ ቁርሱን በልቶ አሁን ወጣ። ትናንትማ እንዴት በጊዜ እንደገባ።»

ወንበሩ ላይ፣ ሰኞ የናሆምን ሥራ የተረከበው ተተኪ ለብሶት የነበረው ግራጫ ሹራብ ተሰቅሎ ነበር። ሰዎቹ ተያዩ። እናት በራቸው ላይ ቆመው እየሳቁ እንግዲህ ማን ደፍሮ ያልቅስ? ሻይ ቀረበላቸው፣ ጠጥተው ተመለሱ።

ትርሲት በሚኒባሱ ውስጥ የተራውን ዝርዝር ደጋግማ አየች። ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች፤ ረቡዕ የርብቃ ተራ ነው። ርብቃ የደንበኞችን መልእክት የምትመልስ ሠራተኛ ናት፤ የትርሲትም ታናሽ እህት ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ሰው የላትም። እዚህም ያስቀጠረቻት እሷው ናት። አምና የርብቃ አለቃ ሥራ ሲለቅ ምንተስኖት «ለጊዜው በአንቺ ሥር ትሁን» ብሏት ነበር፤ ለጊዜው የተባለ ነገር እንዴት እንደሚከርም መቼም ይታወቃል። በወረቀቱ ላይ የርብቃ የቅርብ ኃላፊ ትርሲት ናት። ምንተስኖት ናሆምን ያዘዘው ሦስት ዓመት ነው። ትርሲት ርብቃን ስታዝ የኖረችው አፏን ከፈታች ጀምሮ ነው።

ከሚኒባሱ ወርዳ በቀጥታ ምንተስኖት ቢሮ ገባች።

«የመጨረሻዋን መስመር ከርብቃ ወረቀት ላይ ልሰርዛት» አለችው።

«ማህተም አርፎባታል።»

«ናሆም ሞተ እኮ።»

«ከልቤ ነው ያዘንኩት። ግን ሲሞት ርክክቡ አልቆ ነበር፤ የእኛ ሠራተኛ አልነበረም» አለና የሐዘን መግለጫውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳያት። በገጻቸው ላይ ተለጥፎ ብዙ ሰው አይቶታል። ተተኪው ነው የሠራው፤ እውነት ለመናገር ዲዛይኑ ያምራል።

ሁለቱ እህትማማቾች ወደ ቤት ሲሄዱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ትርሲት አንገቷን ወደ ርብቃ ጆሮ ዘንበል አደረገች።

«ነገ አቶ ጥጋቡ ‹ሌላ ያዘዘችሽ ነገር አለ ወይ?› ቢልሽ፣ የለም በይ።»

«እሺ እትዬ።»

«ምንም ቢያደርግሽ፣ የለም በይ።»

«እሺ አልኩ እኮ። አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝሽ ሙጭጭ ትያለሽ» አለችና ሳቀች። ትርሲት አልሳቀችም።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ ክፍል ገቡ። ትርሲት ከጎኗ ተቀምጣ የርብቃን እጅ ያዘች። መልእክት የመመለሱ ሥራ ከጉሮሮ ነው የወጣው፤ የድምጿን ግማሽ ይዞ ሄደ። ርብቃ ደም በሶፍት ላይ ተፋችና አመሰገነች። ጨዋ ልጅ ናት፣ አስተዳደጓ ነው።

«ከቅርብ ኃላፊዋ የታዘዘች ሌላ ነገር አለ?» አለ አቶ ጥጋቡ።

«የለም» አለች ርብቃ።

«የለም» አለች ትርሲትም።

አቶ ጥጋቡ የርብቃን መንጋጋ ተጫነ። ርብቃ ፊቷን አኮማተረች። ጉጠቱን የላይኛው ድዷ ውስጥ አስገብቶ አንዲት ትንሽ፣ ገና ያልደረቀች ነገር ነቀለና በመስኮቱ ብርሃን አያት።

«‹የለም በይ›» ሲል አነበበ። «ይቺ የትናንት ናት።»

ከዚያ በኋላ ርብቃ እውነቱን ተናገረች። እንዳትናገር የሚያደርጋት ነገር አልቀረም ነበር።

«ጸጉርሽን እንዳትቆረጪ ብላኛለች» አለች። እሱ ከነአናቷ ቆዳ ተገፎ ወጣ። «ያንን ልጅ ተይው ብላኛለች» አለች። እሱ ከጡቷ ሥር ወጣ፤ ሁለት ቦታ ተበጥሶ ስለነበር አቶ ጥጋቡ ሁለት ጊዜ መቆፈር ነበረበት።

ትርሲት ተነሳች። የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳው ላይ አውርዳ የአቶ ጥጋቡን ጭንቅላት ከኋላ በኩል መታችው። ደገመችው። በአምስተኛው የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ እንደ ተፈለጠ ዱባ ተከፈተ። አቶ ጥጋቡ መነጽሩን ከወለሉ ላይ አነሳና ጠረገው።

«ቁጥር ሦስት ላይ ነበርን፣ ልጄ» አለ።

ትርሲት ክንዷ ዛለ። ማጥፊያውን ጥላ ተመልሳ ተቀመጠች፣ የርብቃንም እጅ እንደገና ያዘች።

«እማዬ ስትቀበር እንዳታለቅሺ ብላኛለች» አለች ርብቃ።

እሱ ከዓይኗ ሥር ወጣ፣ የታችኛውን ቆብ ቀዶ። ርብቃ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ለቅሶ ነው፤ በተረፈው ድምጿ ቀስ ብላ፣ ወግ ባለው መንገድ «እማዬ» እያለች አለቀሰች። የሚቀጥለውን ጥያቄ አቶ ጥጋቡ ሁለት ጊዜ መድገም አስፈለገው።

«ሌላ አለ?»

ርብቃ አሰበች። «አንድ አለ። የመጀመሪያዋ ናት። ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ሞልቶ ስንሻገር። እኔ አራት ዓመቴ፣ እሷ አሥር። እጄን እንዳትለቂ ብላኛለች።»

«እሷን ይተዉአት» አለች ትርሲት። «እባክዎ። ሌላውን ሁሉ ይውሰዱ፣ እሷን ብቻ ይተዉልኝ።»

«ብተዋት እኔም ደስ ይለኝ ነበር» አለ አቶ ጥጋቡ። «የጻፍሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ትእዛዟ ከርብቃ ብብት እስከ መዳፏ የተዘረጋች ነበረች። እግሩን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ሲስባት የትከሻዋ አጥንት ከመገጣጠሚያው ሲላቀቅ ተሰማ። ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ከተታት፣ ሳጥኑንም ዘጋው።

ከዚያ ውኃው በበሩ ገባ። ቡናማ ነበር፣ ቅጠልና የማሽላ አገዳ ይዟል። ትርሲት ከጠረኑ አወቀችው፤ ያኔ የተሻገሩት ቦርከና ነው። በመጀመሪያ ጠረጴዛውን ገለበጠው፤ ቀጥሎ ርብቃን ከወንበሯ አነሳት። ትርሲት በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘቻት፤ ርብቃ ግን አልያዘችም። ልትይዝ ፈልጋ ነበር፣ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ጣቶቿ ግን ተዘርግተው ቀሩ። ውኃው የበሩ መቃን ላይ ሁለት ጊዜ አላተማትና መንጭቆ ወሰዳት። ትርሲት መዳፍ ውስጥ የቀሩት አራት ጥፍሮች ናቸው። ርብቃ በኮሪደሩ ስትወሰድ እያነሰች ሄደች፤ ሠራተኞቹ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው አሳለፏት። ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች።

«እትዬ» አለች፤ ከዚያ በደረጃው ወደ ታች ሄደች።

ትርሲት ድምጿ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸች። ምንተስኖት ከቢሮው ብቅ ብሎ ደንበኛ ስልክ ላይ እንዳለ በእጁ አሳያት። አቶ ጥጋቡ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሦስቱን ኮፒ ዘረጋላት። ርብቃ ስለሌለች የቅርብ ኃላፊዋ ትፈርማለች፤ ደንቡ ነው። ፈረመች።

ኮሪደሩ ላይ ከተቀመጡት ተተኪዎች አንዷ ተነሳች። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ ውኃው አላረጠባትም። መጥታ የትርሲትን ቀኝ እጅ ያዘች።

«ልቀቂኝ» አለቻት ትርሲት።

«አልለቅም።»

«የቅርብ ኃላፊሽ እኔ ነኝ፤ ልቀቂ ብያለሁ።»

«የእኔ ኃላፊ አቶ ጥጋቡ ነው» አለች ሴትየዋ በትህትና።

ትርሲት በግራ እጇ ፊቷን መታቻት። ጣቶቿን አጥንቱ እስኪታይ ነከሰቻቸው። በሩን እጃቸው ላይ ዘጋችው፤ የራሷ አውራ ጣት ተሰበረ። ሴትየዋ ታግሳ ጠበቀቻት፤ ስትጨርስ ፊቷን በሶፍት አበሰችላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረው ወጡ። መንገዱ ዳር ቆመው መኪና እስኪያልፍ ሲጠብቁ፣ በቆሎ እሸት የምትጠብስ አንዲት እናት ቀና ብላ አየቻቸው።

«እህትማማቾች ናችሁ አይደል?» አለች። «እንዴት ደስ ትላላችሁ።»

«አዎ» አለች ሴትየዋ።

መኪናው አለፈ። ግራና ቀኝ አይተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሻገሩ። በሁለቱ መዳፎች መሀል የርብቃ አራት ጥፍሮች ነበሩ፤ ሴትየዋ ጠበቅ ባደረገች ቁጥር ትርሲትን ይወጓታል።