መርፌ ጾም አያስገድፍም

እኔና ቄስ ወገኔ በሃያ ዓመት ውስጥ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴን የገደላትም ያው የተስማማንበት ነገር ነው።

ክርክራችን የቆየ ነው። እሳቸው የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው፤ እኔ ይኸነው ደግሞ ዳንግላ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በትውልድ ቀዬዬ ጥርባ፣ እናቴ ቤት በተገናኘን ቁጥር ገና ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ ይጀምሩኛል። "እስቲ ይኸነው፣ ሞት ምንድን ነው?" እኔም ለተማሪዎቼ የምሰጠውን መልስ እደግምላቸዋለሁ። አንጎል ኦክስጅን ወይም ስኳር ያጣል፣ ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ከዚያ ወዲያ ልብ ቢመታም ባይመታም ሰውዬው የለም። እሳቸው ይስቃሉ።

"ይህማ የቤቱ መፍረስ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ባለቤቱ የት ሄደ ብዬ ነው።"

"ባለቤት የሚባል የለም አባቴ። ያለው ቤቱ ብቻ ነው።"

"ሞት ማለት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ነው። እስትንፋስ እስካለ ድረስ ሰውዬው አለ። ይህን ካላወቅህ ምኑን ተማርከው?"

እናቴ ማናለብሽ የተቀቀለ ድንች በሁለት ሳህን እኩል አድርጋ ታቀርብልንና በአገውኛ ታጉረመርማለች። ቄስ ወገኔ አገውኛ ስለማይሰሙ የሚገባው ለእኔ ብቻ ነው። ለሁለቱም ልቦና ስጣቸው ነው የምትለው።

ስኳር ከያዛት ስድስት ዓመቷ ነበር። ጧትና ማታ ኢንሱሊን ራሷን ትወጋለች፤ መርፌውን ስትይዝ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ በዚህ ትኮራ ነበር። ችግሩ ጾም ሲመጣ ነው። ወደ ሰውነት የሚገባ ነገር ሁሉ ጾም ያስገድፋል ብላ መርፌውን ትተወዋለች። በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ስኳሯ ሰማይ ነክቶ እንጅባራ ሆስፒታል ተኝታ ተነሥታለች። እኔ ግልፍተኛ ነኝ፣ ይህን የማያውቅ የለም። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ልጠይቃት ብሄድ አሁንም ያችኑ ጥያቄ አመጣችልኝ።

"እንዲያው ይኸነው፣ መርፌው ያስገድፋል አያስገድፍም? ፍልሰታ መጣ እኮ።"

"አያስገድፍም! ስንቴ ልንገርሽ እማ? ምግብ አይደለም፣ መጠጥ አይደለም። እኔን ካላመንሽ ቄስሽን ጠይቂ።"

ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መጀመሪያ፣ "ሕመምተኛ ነሽ፣ ባትጾሚስ?" ብለዋት እንቢ ስትላቸው፣ "እንግዲያው ልጅሽ እውነቱን ነው፣ መድኃኒት ነው፣ አያስገድፍም" አሏት። አብራት የምትኖረው እህቴ እታለማሁ እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን እናቴ ከደስታዋ ብዛት ጎረቤት ድረስ ሄዳ አውርታለች። የተማረው ልጇና የንስሐ አባቷ አንድ ቃል ተናገሩላት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልግ?

ሁለታችንም ያልነገርናት አንድ ነገር ነበር። ኢንሱሊን የተበላውን ምግብ ስኳር ከደም የሚያወርድ ነው፤ ያልተበላ እንደሆነ አንጎል የሚኖርባትን ጥቂቷንም ያወርዳታል። ስለዚህ የተወጋ ሰው መብላት አለበት። ይህን አውቃለሁ፣ አስተምረዋለሁም። ነገር ግን እኔ ከጾምኩ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የፍልሰታ ቅዳሴ ስድስት ሰዓት ተገብቶ ከዘጠኝ በኋላ እንደሚወጣ ረስቼዋለሁ። ቄስ ወገኔ የቅዳሴውን ሰዓት ያውቃሉ፣ መርፌው ምን እንደሚሠራ አያውቁም። እሷ ደግሞ ሁለታችንንም አመነችን።

ነሐሴ ሰባት ቀን ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ በየፍልሰታው ትቆርባለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ጧት አንድ ሰዓት ላይ መርፌዋን ተወጋች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ እታለማሁን አስከትላ በዚያ ጭቃ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ስምንት ሰዓት ላይ ላብ አጠመቃት። በእኛ አገር ነሐሴ ጉሙ ከዛፍ ላይ የማይወርድበት ወር ነው፤ ማንም አያልበውም። እታለማሁ አየች፣ አወቀች። ከላባትና ከተንቀጠቀጠች አጉርሻት ብዬ ከረሜላ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ሁልጊዜም በቦርሳዋ ትይዘዋለች። ልጣ ወደ አፏ አቀረበችላት። እናቴ ጥርሷን ገጥማ ፊቷን አዞረች።

"ልቆርብ ነው እኮ። ትንሽ ነው የቀረኝ።"

ለቁርባን ተሰልፋ፣ ከፊቷ አራት ሴቶች ሲቀሩ ወደቀች።

ሴቶቹ መንፈስ ጣላት አሉ። አንሥተው ጸበሉ ጋ ወሰዷት፣ ረጯት፣ መስቀል አሳለሟት። እታለማሁ "ስኳር ነው፣ ስኳር ነው" እያለች ብትጮህ፣ "ቆይ አንቺ፣ መጀመሪያ ጸበሉ ይድረስላት" ነው የተባለችው። ክፋት አልነበረባቸውም። ይወዷት ስለነበር ነው የረጯት። በመጨረሻ ጎረምሶች በቃሬዛ አስፋልት ድረስ አወጧት፣ በባጃጅ እንጅባራ ገባች። ከወደቀች ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር።

እኔ በነጋታው በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረስኩ። ግሉኮሱ ገብቶላት ስኳሯ ተስተካክሏል፤ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አለ፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። የተኛች ነው የምትመስለው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቷል። ባዮሎጂ መምህር መሆኔን ስትሰማ ደስ አላት፣ ለማስረዳት የቀለልኩ መስዬ ታይቻት ነው።

"ከአንጎሏ የሚያስበው፣ የሚሰማው፣ የሚያስታውሰው ክፍል ሞቷል" አለችኝ። "የቀረችው እስትንፋስ የምታዝዘው ትንሿ ክፍል ብቻ ናት። እሷም እየደከመች ነው። አትነቃም።"

አልተከራከርኳትም። የገዛ ትምህርቴን ነው የነገረችኝ። ኮሪደር ላይ ቆሜ የተማርኩትን ሁሉ ጠላሁት።

እታለማሁ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። ሰው መጣ አልመጣ ብዬ በሩን ካየሁ በኋላ ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ በአገውኛ ነገርኳት። በአገውኛ ካወራሁ ስንት ዓመቴ። እማ፣ አያስገድፍም ያልኩሽ እውነት ነው፣ ግን ብዪ ማለቱን ተውኩት፣ ተናድጄብሽ ነበር፣ ጥያቄሽን ቶሎ ልገላገለው ነበር፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ደግሜ ደጋግሜ ይቅር በይኝ አልኳት። ከዚያ እጇን ይዤ ጠበቅሁ። አንድ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ጡንቻ በራሱ እንደሚኮማተር አውቃለሁ፣ ቢሆንም አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ቄስ ወገኔ መጡ። ዝናብ አብስብሷቸው ነበር። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው ጸለዩ፣ ጨረሱና፣ "መርፌውንም ሳታቋርጥ ነበር እኮ፣ ምን ነካት?" አሉኝ።

እንግዲህ ይህን ሲሉኝ ነው የፈነዳሁት። ኢንሱሊን ምን እንደሚሠራ፣ ባዶ ሆድ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን እንዳላባት፣ ለምን እንደወደቀች፣ አንድ በአንድ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሽተኛው ሁሉ እየሰማ አስረዳኋቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እኔ ነኝ። ስጨርስ ቄስ ወገኔ አጠገቧ ባለው ባዶ አልጋ ጠርዝ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"እኔም አያስገድፍም ብያታለሁ" አሉ።

"አዎ፣ ብለዋታል።"

ከጋቢያቸው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

"ሥጋውን የማቀብለው እኔ ነበርሁ" አሉ በመጨረሻ። "ፊቷን አይቸዋለሁ። አራት ሴት ነበር ከፊቷ። አሁን ይዤላት እንዳልመጣ መዋጥ አትችልም፤ ከአፏ ቢወጣስ? ሌሎቹንም ካህናት ጠየቅሁ፣ አይሆንም አሉኝ። እንዲሁ እንደተራበች ልትሄድብኝ ነው ይኸነው።"

እናቴ ከሁለቱም አልደረሰችም ማለት ነው፣ ከቁርባኑም ከከረሜላውም። ልቤ ግን ሌላ ጋ ነበር፤ ልጠይቃቸው የፈለግሁት አንድ ነገር ነበረኝ፣ አፈርኩም።

"አባቴ፣ አሁን ትሰማለች?"

ቀና ብለው አዩኝ። ሊቀልዱብኝ ይችሉ ነበር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለዚህ ቀን ሲጠብቁኝ ኖረዋል። አልቀለዱም።

"ነፍሷ እስካልወጣች ድረስ ትሰማለች እንጂ። እንዴት አትሰማም?"

ያችን ቃል ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። በሐኪሟ አነጋገር እናቴ ስትወድቅ አልቃለች፣ እኔም የተናገርኩት ለአልጋ ነው። በቄሱ አነጋገር ግን አለች፣ ሰምታኛለች፣ ምናልባትም ይቅር ብላኛለች። የባዮሎጂ መምህሩ ያን ዕለት ከቄሱ ጋር ወገነ፤ ሳፍርም ደስ ብሎኝ ነበር።

ነሐሴ አሥር ጧት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ እስትንፋሷ ቆመ። ሐኪሟ ሰዓቱን ጻፈች። እታለማሁ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ "ጥርሷን ፈልቅቄ ማጉረስ ነበረብኝ" እያለች አለቀሰች። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ማርያም አደረስናት።

ሬሳው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቶ፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሰናዱ፣ ቄስ ወገኔ እጄን ይዘው ከአጥሩ ጥግ ዲከረንሱ ዛፍ ሥር ወሰዱኝ። በሦስት ቀን ውስጥ አንሰዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ለክርክር አይደለም።"

"ይጠይቁኝ አባቴ።"

"በእናንተ ትምህርት እናትህ መቼ ነው የሞተችው? ያን ዕለት እዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ነው? ወይስ ዛሬ ጧት?"

ወዲያው አልገባኝም። እጄን ጠበቅ አደረጉት።

"እዚህ ከሆነ፣ በጾም፣ በቅዳሴ መካከል፣ ወደ ቁርባን ስትራመድ ነው የሞተች። እንዲያ የሞተውን ጌታ እንደተቀበለ ይቆጥርለታል፣ ይህን አምናለሁ። ዛሬ ከሆነ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በሕይወት ሳለች ሳላቆርባት ቀረሁ ማለት ነው። መርፌውን የፈቀድሁላት እኔ፣ ሳላቆርብ የሰደድኋት እኔ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ይዤ እንዴት ቅዳሴ እገባለሁ?"

እስትንፋስ እስካለ ሰውዬው አለ ሲሉኝ የኖሩት ቄስ፣ አሁን አንጎሏ ያኔ ሞቷል በለኝ ብለው ይለምኑኛል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅባቸው ነበር።

"ዛሬ ነው" ልላቸው አሰብኩ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከሆነ ሰምታኛለች። ዛሬ ከሆነ ያ ጣት የእሷ ነው። እሳቸው ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ቢሸከሙት ነው፤ እኔ ገና አርባዬ ነው። እንዲህም ብዬ አስቤያለሁ፣ አልደብቅም። እጄን ግን እንደ ሕፃን አጥብቀው ይዘው አልለቀቁኝም። ደግሞም እውነቱን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ነው።

"እዚህ ነው አባቴ" አልኳቸው። "ስትወድቅ ነው ያለቀው። ሆስፒታል የተኛው ሥጋዋ ብቻ ነው።"

"ምንም አልቀረም ነበር?"

"ምንም።"

"አትሰማምም ነበር?"

የጠየቁኝ ለራሳቸው ነው፤ እኔ ይቅርታ ስለመጠየቄ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በአልጋው አጠገብ ምን እንዳልኳት ለማንም አልነገርኩም።

"አትሰማም" አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አማተቡ። "እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፣ አሳረፍኸኝ" ብለው መስቀላቸውን አቀረቡልኝ፣ ተሳለምኩ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ፍትሐቱን ራሳቸው መሩት፤ ድምፃቸው እስከ አጥሩ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

እኔ ዲከረንሱ ሥር ቀረሁ። በገዛ ቃሌ፣ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም፣ አልጋዋ አጠገብ ስንበረከክም አልነበረኝም። ሬሳው ሲወጣ እታለማሁ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ፣ ሕዝቡ እየጠበቀኝ መሆኑን ነገረችኝ። ሄጄ አፈር አለበስኳት።