ለወደፊት ጥናት የተተወው

ፕሮፌሰሩን ተማሪዎቻቸው በሌሉበት «ጋሽ ማር» ይሏቸዋል። ምን ያድርጉ፣ ሰውየው ከማር ሌላ ምሳሌ አያውቁም። ጽንፈ ዓለም እየፈጠነ የሚሰፋው ማንም ያላየው ስውር ኃይል እየገፋው ሳይሆን፣ የሞላው ፈሳሽ እንደ ማር ዝልግልግ ስለሆነ ነው ባይ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ ነው። አንዲት የዶክትሬት ተማሪያቸውም መስኮቱ በማይከፈት ቢሮ ውስጥ ወጣትነቷን እዚያው ላይ ጨርሳለች።

የመመረቂያ ጽሑፏን ነገ ልታቀርብ ዛሬ ጉድ ፈላ። የዝልግልግነቱን መጠን ሁሌም የሚመርጡት የመስፋፋቱን ፍጥነት አይተው ነው፤ ፍጥነቱ ልክ ከመጣ እሰየው ብለው ያልፋሉ። ምን እንደነካት እንጃ፣ በዚያው መጠን ጋላክሲዎች ይፈጠሩ እንደሆነ በኮምፒውተር አሰላችው። አንድም አልተፈጠረም። ደግማ ሞከረች፤ ወይ ፍንክች። ቁሱ ሊሰባሰብ ሲል ያ ዝልግልግ ፈሳሽ አንቆ ያስቀረዋል።

ክው ብላ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ በእኛ ዓለም ውስጥ እኛ የለንም» አለቻቸው።

ከኮምፒውተሩ አትማ ያመጣችውን ሥዕል አገላብጠው አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ወረቀቱን በቀስታ አጥፈው መለሱላት።

«ይሄን ከጽሑፍሽ አውጪው፣ ልጄ። መጀመሪያ ተመረቂ።»

አንጀቷን በሉት። ደግሞም እናቷ ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ለፍፋ ጨርሳለች። እያረራት አወጣችው።

በማግስቱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት ፈታኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያንኑ ጠየቁ፤ ጋላክሲዎቹስ እንዴት ሆኑ አሉ። ረዳት ፍለጋ ዞር አለች። ፕሮፌሰሩ ጫማቸውን ያያሉ። ለእንዲህ ያለ ቀን የዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉ የሚሸሸጉባት አንዲት አነጋገር አለች፤ እሷም ዘላ ገባችባት።

«እሱን ለወደፊት ጥናት ትተነዋል።»

የፈታኙ ፊት በራ። ይህንኑ የሚሠራላቸው ሰው ሲፈልጉ ነው የኖሩት፤ በጀቱም አለ፣ ቦታውም አለ። እሳቸው ዘንድ መጥታ አምስት ዓመት ሙሉ ጋላክሲዎቹ እንዴት እንደሚፈጠሩ ታጥናልን አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት ጋሽ ማር ናቸው።

እናቷ ከኋላ ወንበር መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ምነው፣ ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል፣ እማዬ» አለች። የጋላክሲዎቹን መልስ ከትናንት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አሁን እንደማታውቀው ሆና አምስት ዓመት ልትፈልገው ነው።