ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው አሮጌ ዓመት

አለቃዬን ዶን አብዶንን በገዛ እጄ ሰፋኋቸው። ሆዳቸውን በሰጋቱራ ጠቅጥቄ፣ በጋዜጣና በዱቄት ማጣበቂያ ፊት ሠርቼ፣ በራችን ላይ አስቀመጥኳቸው። ብዙም ሳይቆይ እውነተኛው ሰውዬ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሚያየኝ በሌላ ዓይን ነው።

ክፋት አስቤ አልነበረም። በከተማችን በጓያኪል ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በየደጁ አሻንጉሊት ይሠራል፤ አሮጌው ዓመት እንለዋለን። ሹም ይሁን የሚስት ወንድም፣ ሰውን ያስመረረ ሁሉ በአሻንጉሊት ይመሰልና በዓመቱ መጨረሻ እኩለ ሌሊት ላይ በርችት ይቃጠላል። ያልተቃጠለ አሮጌ ዓመት መከራውን ተሸክሞ ወደ አዲሱ ይሻገራል ይባላል። እኛ ስፌት ቤት ግን የሚቃጠሉት ሁልጊዜ ዶን አብዶን ነበሩ፤ ለዚያውም በራሳቸው ልመና። «አለቃውን ማቃጠል የማይመኝ ሠራተኛ የለም። እኔ በነፃ ፈቅጃለሁ» ይሉና አሮጌ ሸሚዛቸውን ይሰጡናል። ዘንድሮ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ አልረሱትም። ሰማያዊውን ሸሚዝ በባልደረባዬ በክሌበር እጅ ላኩልኝ፤ «ቤትሳቤን ቦርጬን እንዳታሳንሰው በላት» ብለው።

የምንሰፋው የአውቶቡስ ወንበር ነው። ሥራ ፍለጋ በየበሩ ስንከራተት «ሴት ወንበር አትሰፋም» እያሉ መልሰውኛል። ዶን አብዶን ግን አዲስ ወንበር ላይ «ቁጭ በይ» አሉኝ። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ወደ ሎሃ ከተማ የምትሄጂ መንገደኛ ነሽ እንበል፤ ሌሊቱን ሙሉ ልትሄጂ ነው፣ ጭንሽ ላይ ልጅ ተኝቷል። የቱ ጋ ቆረቆረሽ?» ወገቤን አልኳቸው። ሳቁና መርፌ ሰጡኝ። የቅጥር ፈተናዬ ይኸው ነበር።

ወንበር ባለቀ ቁጥር ራሳቸው ይቀመጡበትና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ማነህ? ወዴት ነህ?» ይላሉ በሐሳባቸው የሚመጣውን መንገደኛ። አንዴ ከአዳር ሥራ የምትመለስ ነርስ ትመጣላቸዋለች፣ አንዴ እናቱን ሊቀብር የሚሄድ ወታደር። ማንም ካልመጣላቸው ወንበሩ አላለቀም፤ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ክሌበር «የሌለች ነርስ ምሳ አስዘለለችን እኮ!» እያለ ያላግጥ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዱን አምናቸው ነበር። ሕይወቴን ሙሉ የት ጋ እንደቆረቆረኝ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

የሞቱ ለት የጎረቤታችን ዓሣ ሻጭ በራችን ላይ ቆማ፣ «አሟረታችሁባቸው! ሰው በቁሙ ሰጋቱራ ይሞላል?» አለችን።

«በየዓመቱ ስናቃጥላቸው አልሞቱም፤ ሰጋቱራ ነው እንዴ የሚገላቸው?» አላት ክሌበር።

እኔ አሻንጉሊቱን አቅፌ ወደ ውስጥ አስገባሁና እሳቸው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ሸሚዙ ገና እሳቸውን እሳቸውን ይሸታል፤ የትምባሆና የሙጫ ሽታቸውን። መቃብሩ ጋ ሄጄ ሲሚንቶ ብቻ ነው ያየሁት። እዚህ ግን ትከሻቸው አለ፣ ቦርጫቸው አለ። እየሰፋሁ አወራቸዋለሁ። እብደት መሆኑን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ይህን የሚወስድብኝ ሰው ዓይኔን ጎልጉሎ ይውሰድ አልኩ።

የዓመቱ መጨረሻ ቀን ከቀትር በኋላ ክሌበር ክብሪት በኪሱ ይዞ መጣ።

«ቤትሳቤ፣ ካልተቃጠለ ይሄ የተረገመ ዓመት አይለቀንም።»

«አይልቀቀና! በዚህኛው ውስጥ እኮ እሳቸው ነበሩ። በሚመጣው የሉም።»

መንገድ ላይ የሰፈሩ ወንዶች ጥቁር ቀሚስና የሴት ዊግ አጥልቀው፣ ጡታቸውን በፊኛ ሠርተው፣ የአሮጌው ዓመት ሚስት ነን እያሉ መኪና ያስቆማሉ። «ወይኔ ባሌ! ለማን ጥለኸኝ!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ሹፌሩም እየሳቀ ሳንቲም ይሰጣል። ክሌበርን በዚህ የሚያክለው አልነበረም። ዘንድሮ ግን ዊጉ ከምስማሩ አልወረደም።

በእነዚያ መሃል አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ቀስ እያሉ ሲመጡ አየሁ። አንድ ባለታክሲ አለፍ ሲል በመስኮት ሳንቲም ወረወረላቸው። የዶን አብዶን ሚስት፣ ዶኛ አውሪያ ነበሩ። ሳንቲሙን ከመሬት አንስተው ገቡና እጃቸውን ዘረጉልን።

«ይኸው፣ ለልቅሶዬ ከፈሉኝ» አሉ።

ከዚያ አሻንጉሊቱን አዩት። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ! ሟርት ብዬ አይደለም። ከፈለጉ ቤትዎ ይውሰዱት፣ ብቻ አይቃጠል። እባክዎ አይቃጠል።»

አላነሱኝም። ሸሚዙን ኮሌታው ጋ አሸተቱት። «ቦርጩንም አልረሳሽ» አሉና ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ያን ለት የሆስፒታሉ ዘበኛ የጥየቃ ሰዓት አልፏል ብሎ መለሰኝ። ነገ እመጣለሁ ብዬ ሄድኩ። ስመጣ አልጋው ተነጥፏል። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ ሲሄድ አላየሁትም። አሁን ልየው። እስከ እኩለ ሌሊት የምቆምበት ጉልበት የለኝም፤ አሁን በፀሐይ አቃጥሉልኝ።»

እምቢ የምልበት አንደበት ከየት ይምጣ? የባሰባቸው እሳቸው ናቸው።

ልናወጣው ስንል ክሌበር ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «ደረቱ ውስጥ ርችት አለ። ዶኛ አውሪያ ፊት ይፈነዳል» አለኝ። በዶን አብዶን መቀስ ደረቱን ከፈትኩት። እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ርችቱን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ከዚያ መልሼ ሰፋሁት፤ ክሩ በማይታየው፣ እሳቸው ባስተማሩኝ ስፌት።

«ሊቃጠል ነው እኮ! ምን ታሳምሪዋለሽ?» አለ ክሌበር።

«ዝም በል» አልኩት። እንባዬ ስፌቱ ላይ እየወረደ መርፌው አልታይ አለኝ፤ በዳሰሳ ጨረስኩት።

አቅፌ አወጣኋቸው። የሐሰት ሚስቶቹ ዶኛ አውሪያን ሲያዩ ልቅሷቸውን ዋጡ፤ አንደኛው ዊጉን አውልቆ ብብቱ ስር ሸጎጠ። ክሌበር ክብሪት ጫረ። በዚያ ፀሐይ እሳቱ አይታይም፤ የሚታየው ሰማያዊው ሸሚዝ ከግርጌው እየጠቆረ ሲያልቅ ብቻ ነው። ዶኛ አውሪያ የአሻንጉሊቱን እጅ ይዘው ቆሙ። ሙቀቱ ሲደርስባቸው ለቀቁት።

«ሂድ እንግዲህ» አሉ። «አይዞህ፣ እዚሁ ነኝ።»

እኔ አይዞህ ማለት አልቻልኩም። ጮኼ አለቀስኩ፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። ክሌበር ዶኛ አውሪያን ደግፎ ወደ ቤታቸው ወሰዳቸው። ሲሄዱ ከአመጣጣቸው ቀና ብለው ነበር።

ወደ ውስጥ ገባሁ። እሳቸው ታመው ሳሉ የጨረስኩት፣ ማንም ያልሞከረው ወንበር ጥግ ላይ ነበር። ተቀመጥኩበት። የት ጋም አይቆረቁርም፤ ስፌቱም እንከን የለውም። ዓይኔን ጨፈንኩና እንደሳቸው፣ «ማነህ? ወዴት ነህ?» አልኩ። ጠበቅሁ። ሲመሽ ውጭ ርችቱ መፈንዳት ጀመረ፣ ሰው ሁሉ አዲሱን ዓመት ሊቀበል ይሯሯጣል። ወደ እኔ የመጣ መንገደኛ ግን አልነበረም።

በበዓሉ ማግስት ባለአውቶቡሱ ወንበሩን ሊወስድ መጣ። ዳሰሰው፣ ተደገፈው፣ ደስ አለው።

«አልቋል አይደል?»

«አላለቀም» አልኩትና ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ።