ማስመለስ የተከለከለበት ክረምት

ብዙወርቅ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ግራ ጡቷን ሆስፒታል ትታ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ መድኃኒት ይዛ ነበር። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ የተቆረጠው ነቀርሳ ተመልሶ እንዳይመጣ ለወራት የሚዋጥ እንክብል፤ ሌላው ያ እንክብል የሚያመጣውን ማቅለሽለሽ የሚያስታግስ። የሚያስታግሰው ጥቂት ነበር። ሲስተር ጸሐይ የምትባል ነርስ ከየመሳቢያው ለቃቅማ ነው የሰጠቻት።

ሲስተር ጸሐይ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በደንብ አስረድታታለች።

"ይሄ መድኃኒት ሆድሽን ይረብሸዋል፤ አትደንግጪ። ባንዴ ጠግበሽ አትብዪ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ቅመሺ። ትኩስ ምግብ ከሸተተሽ አቀዝቅዘሽ ብዪው። የፈላ ውሃ በብዛት ጠጪ። ተቅማጥ ከያዘሽ ጨውና ስኳር በጥብጪበት። ትኩሳት ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ ወደ ሐኪም ሩጪ። እንክብሉን በገዛ እጅሽ እንዳታቋርጪ።"

ብዙወርቅ ለሁሉም "እሺ እትዬ" አለች። የምትኖርበትን ቦታ ነርሷ አልጠየቀቻትም፣ እሷም ለመናገር አፈረች።

የምትኖረው ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በተቆረቆረ የሰፈራ አምባ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እሷና ባሏ ገበየሁ አንድ ልጃቸውን መጠለያ ውስጥ ቀብረው፣ ከአምባሰል በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። በአምባው ማሳውም ወጥ ቤቱም የጋራ ነበር። ምግብ የሚታደለው ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከሥራ በኋላ ነው፤ በመሃል የራበው ይጠብቃል። በየጎጆው እሳት ማንደድ ክልክል ነው፣ የሣሩ ጣራ ይያያዛል ተብሎ። የሚታደለው የበቆሎ ገንፎ ደግሞ በእርዳታ ዘይት የተለወሰ ነበር። ያ ዘይት ጣሳው ውስጥ ከርሞ ስለሚከረፋ ጤነኛውን እንኳ ያቅለሸልሸዋል።

እንክብሉን መዋጥ እንደጀመረች የገንፎው ሽታ ከሩቅ ይይዛት ጀመር። ሰልፉ ላይ ቆማ ታስመልሳለች። የሚያስታግሰው መድኃኒት ወዲያው አለቀ። አፏ ውስጡ ቆሰለ፤ ጨው የነካው ነገር ሁሉ እንደ በርበሬ ያቃጥላታል። የአምባው ሴቶች ማንጎ አምጥተው ሰጧት፤ በልታው ተቅማጥ ለቀቀባት። ስኳር ደግሞ በአምባው በዓይን አይታይም።

ገበየሁ ወደ አምባው ኃላፊ ወደ ጓድ ሀብቱ ሄደ። ሀብቱ ሰፋሪ አይደለም፤ ከከተማ የተመደበ ካድሬ ነው።

"ጓድ፣ የሚስቴን ድርሻ በጥሬው ስጡኝና እኔ ቤቴ ላብስልላት። ሐኪሟ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ ብላለች።"

"ቶሎ ቶሎ? ሰው በቀን ሁለቴ መብላት ባቃተው አገር ውስጥ?"

"መድኃኒቱ ነው ጓድ። ባንዴ አይገባላትም።"

"ለአንዷ በጥሬው ብሰጥ ነገ አምባው በሙሉ ታማሚ ይሆናል። የጋራ ኑሮ በልዩ ሰው አይሠራም፣ ጓድ ገበየሁ። ወደ ማሳህ።"

ገበየሁ ወደ ማሳው ሄደ። እሑድ ግን ከአምባው በስተጀርባ ያለውን ጅረት ተሻግሮ ወደ በርታዎቹ መንደር ወጣ። ሰፋሪ ወደዚያ እንዲሄድ አይፈቀድም፤ ሰፋሪና የአገሬው ሰውም እርስ በርስ አይተማመንም። የመጀመሪያው ግቢ የብኸይታ ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ማሽላና ዝንጅብል የምታለማ ጠና ያለች ሴት። ሽመል ከሚባለው ቀርከሃ የተሠራው አጥሯ ጋ ቆሞ ችግሩን ነገራት። ዝንጅብል መንቀሏን ሳታቆም አዳመጠችው።

"እናንተ ያለበት ቦታ የአባቴ ሰሊጥ ነበር" አለችው በተሰባበረ አማርኛ። "መኪና መጣ፣ ሰው አራገፈ። ማንም እኔን አልጠየቀ።"

"እኛንም የጠየቀን የለም።"

ቀና ብላ አየችው። "አንተ ጉልበት አለህ። የእኔ ማሳ ታርማለህ፣ እሑድ እሑድ።"

"አርማለሁ።"

የማሽላ ዱቄትና ከእነአፈሩ የተነቀለ ዝንጅብል በቅርጫት አስቀመጠችለት። "በሽተኛ ባዶ እጅ መመለስ ሐራም ነው። ለሚስት ነው ይሄ፣ ለአንተ አይደለም" አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ከዚያ ወዲህ ገበየሁ በጎጆው ጥግ፣ ጭሱ እንዳይታይ በደረቅ ሽመል፣ ቀጭን አጥሚት ያፈላ ነበር። አቀዝቅዞ በቅል ያስቀምጥላታል፤ እሷም በየመሃሉ ፉት ትላለች። ዝንጅብሉን ቀቅሎ ውሃውን ያጠጣታል፤ አፏ ሲቆስል ግን ይተውላታል። ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ደረቅ የማሽላ ቂጣ ቁራሽ ትቆረጥማለች። ማስመለሱ ጨርሶ አልቆመም፤ ቢሆንም የበላችው ሆዷ ውስጥ ይቆይ ጀመር። አንድ ቀን ጎረቤቷ በተናገረችው ነገር ከት ብላ ሳቀች። ገበየሁ ሳቋን ከውጭ ሰምቶ እንጨቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ በአምባው ተቅማጥና ትውከት ተነሳ። ጅረቱ ጎርፎ የመጠጥ ውሃውን በክሎት ነበር። ሕፃናት መሞት ጀመሩ። ጓድ ሀብቱ የድሮውን የእህል መጋዘን አስጠርጎ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ሰው ሁሉ እዚያ እንዲገባ አዘዘ። ከበላይ ጎብኚዎች ስለሚመጡ አምባው እስከዚያ መጽዳት ነበረበት።

ብዙወርቅ ስታስመልስ ያያት የጥበቃ ጓድ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ጎትቶ ወደ መጋዘኑ ወሰዳት።

ገበየሁ የአምባውን ጤና ረዳት ሞቱማን ይዞ ሀብቱ ፊት ቀረበ። ሞቱማ ከወለጋ የመጣ፣ ሰው የሚወደው ጎልማሳ ነበር፤ ከሆስፒታል የተላከላትንም ወረቀት አንብቦታል።

"ጓድ ሀብቱ፣ የእሷ የሚተላለፍ አይደለም" አለ ሞቱማ። "የነቀርሳ መድኃኒት ነው የሚያስመልሳት። መድኃኒቱ ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅሟን ያዳክማል። ከእነዚያ ጋር ከተኛች ነው የሚያሰጋት።"

"ፈርመህ ታወጣታለህ? ነገ ሌላ ሰው ቢሞት፣ ያስያዘችው እሷ አይደለችም ብለህ ለማቋቋሚያ ኮሚሽኑ ትቆማለህ?"

ሞቱማ ዞር ብሎ ገበየሁን አየው።

"ጠየቅኩህ እኮ።"

"ይቆይ እንግዲህ" አለ ሞቱማ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

መጋዘኑ ውስጥ የታመሙት ባዶ መሬት ላይ ተደርድረው ነበር። ብዙወርቅ በሩ አጠገብ ተኛች። የአንዲት እናት ሕፃን ከጎኗ ሞተ። ሞቱማ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ሊያድል ሲገባ ክንዱን ያዘችው።

"ዶክተር፣ አውጣኝ። እዚህ እሞታለሁ።"

ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ነገራት። "ካላስመለስሽ ይለቁሻል። እንክብሉን ለጥቂት ጊዜ ተይው። ስትወጪ ትቀጥያለሽ።"

"እንዳታቋርጪ ብላኛለች እኮ።"

"እሷ ይህን መጋዘን አላየችውም።"

ብዙወርቅ እንክብሉን ተወች። ማስመለሱ ቀስ በቀስ ቆመ፣ ሆዷም ረጋ። ተለቀቀች። ገበየሁ ቤት ሲያስገባት ቅሉን ሞልቶ ጠብቋት ነበር፤ አጥሚቱን ባንዴ ጨለጠችው፣ ደገመችም።

ሆዷ ሲጠነክርላት እንክብሉን አቀረበላት።

"ዛሬ ጀምሪ፣ ብዙዬ።"

"ይደር።"

በማግስቱም "ይደር" አለች። በሦስተኛው ጊዜ ሲለምናት ፊቷ ተለዋወጠ። "አንተ ገበየሁ፣ ከተወለድኩ እንዲህ በልቼ አላውቅም። እንቅልፍ ይወስደኛል። ሰው ሆኛለሁ። ደግሜ ሳስመልስ ቢያዩኝስ? ወደዚያ ከሚመልሱኝ እዚሁ ግደለኝ።"

"ነቀርሳው ቢመለስስ?"

"ነቀርሳው የት እንዳለ አላየውም። መጋዘኑ ግን ያው፣ ከበር ላይ ይታያል።"

ሊያስገድዳት አልቻለም። ሲስተር ጸሐይ ያለችውን እየደጋገመ ነገራት፣ ተቆጣ፣ አለቀሰም። መድኃኒቱን በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ከጣራው ሥር ሰካው፤ የክረምቱ ዝናብ አንጠባጥቦበት እንክብሎቹ እርስ በርስ ተጣበቁ።

ጎብኚዎቹ ሲመጡ ብዙወርቅ ወፍራና ፊቷ ወዝቶ ነበር። ጓድ ሀብቱ ከሴቶቹ መሃል ጠርቶ ፊት ለፊት አቆማት። "ይህች ጓድ ስትመጣ በሞት አፋፍ ላይ ነበረች" አለ። "ዛሬ ጤናዋን እዩት! የአምባችን ምግብና የጋራ ሥራ ያዳናት ናት።" ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። ብዙወርቅም ምን እንደምታደርግ ቢጠፋት አብራ አጨበጨበች።

መስከረም ሳይገባ ጠባሳው ሥር ጠጣር እብጠት ወጣ። ቀጥሎ ብብቷ አበጠ። ለመጓዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጓድ ሀብቱ ለጎብኚዎች ድናለች ብሎ ያሳያትን ሴት ታማለች ብሎ መላክ ከበደው። "ቁስሉ እየሻረ ሲሄድ እንዲያ ያብጣል" እያለ ከሳምንት ሳምንት አቆያቸው። በመጨረሻ ሲፈቅድላት መተንፈስ ያቅታት ነበር።

አዲስ አበባ ሲስተር ጸሐይ አወቀቻት። ልብሷን ገልጣ ጠባሳውንና ብብቷን አየች።

"እንክብሉን እስከ መጨረሻው ውጠሻል?"

"አልዋጥኩም።"

"ለምን? ምን ብዬሽ ነበር?"

ብዙወርቅ ስለ መጋዘኑ ልትነግራት ጀመረች፤ ሳል አቋረጣት። ገበየሁ ነው የጨረሰላት። ነርሷ ልብሷን መልሳ ሸፈነችላትና ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ የሕመም ማስታገሻ ብቻ ሰጥቶ ሸኛቸው።

ብዙወርቅ በኅዳር ሞተች። ጓድ ሀብቱ ሰው ከማሳ ቀድሞ እንዲወጣ አደረገና መቃብሩ አጠገብ ስለ ታታሪነቷ ተናገረ። ገበየሁ ንግግሩ ሳያልቅ አፈሩን መመለስ ጀመረ፤ ማንም አላስቆመውም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሞቱማ ወደ ጎጆው መጣ። ገበየሁ ተቀመጥ አላለውም። ሞቱማ በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ አሽከረከረ።

"ተይው ያልኳት እኔ ነኝ" አለ። "ለትንሽ ጊዜ ነበር ያልኩት። የዚያን ቀን ፈርሜ ባወጣት ኖሮ . . . ፈርቼ ነው፣ ገበየሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ይቅር ትለኛለህ?"

"ሁላችንም ፈርተን ነበር" አለ ገበየሁ። "እሷም ፈርታ ነው የተወችው። እሷ አፈር ውስጥ ናት፤ አንተ ግን ዛሬ ማታ ራትህን ትበላለህ። ሂድ በቃ።"

 ሞቱማ ቆቡን አጠለቀና የድሮውን መጋዘን ታክኮ ወደ ክሊኒኩ ወረደ። ገበየሁም በሩን ከውስጥ ዘጋው።