በማይቲሊ እፍኝ

«ነገ ወንዝ ስንወርድ አንተ ከኋላ ትቆማለህ» አሉ አክስቱ ኩንጃማል፣ በእርጎ የተለወሰውን ሩዝ በሙዝ ቅጠል ላይ እያቀረቡለት። «ለእህቴ ውኃውን የሚያፈስላት የኔ ልጅ ሴሻድሪ ነው። የአስከሬኗንም እሳት የለኮሰው እሱ ነው።»

ፓታንጃሊ ቅጠሉን ገፋ አደረገው።

«የለኮሰውማ ስላልጠበቃችሁኝ ነው። አውቶቡሴን ለሌላ ሹፌር አስረክቤ እየመጣሁ እንደሆነ ደውዬ ነግሬአችሁ ነበር።»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ መፈጸም ነበረበት።»

«ስደርስ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች፣ አክስቴ።»

ኩንጃማል ቅጠሉን መልሰው አስጠጉለት። የሟች እህታቸው የማይቲሊ ቤት በሐዘን ቀናት እሳት አይነድበትም፤ ምግቡ ከጎረቤት ይመጣል። ለቀስተኞች ምንጣፉ ላይ ዝም ብለው ይቀመጡና ዝም ብለው ይነሣሉ። ከሐዘን ቤት ሲወጣ ደህና ዋሉ አይባልም። ሹክሹክታቸው ግን ከበረንዳው አልፎ ይሰማል።

«ያ የጎርፉ ልጅ አሁንም ሊሟገት ነው?»

«ሹፌር አይደል፣ ጥሩምባ መንፋት ለምዷል።»

ሴሻድሪ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። የባንክ ሹም ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ወንድሜ፣ ጠላትህ አይደለሁም። ነገ ጸሎቱን የሚመራው ሻስትሪ ውኃ የሚሰጠው ሰው የማን ዘር እንደሆነ ይጠይቃል። ያንተን ማን ያውቃል? ዘሩ ካልተጠራ ውኃው ለሟች አይደርስም ይባላል። አክስቴን ማይቲሊን ተጠምታ እንድትሄድ ትፈልጋለህ?»

ይህ ነው የወጋው። ሌላው ስድብ ልማዱ ነበር።

ካቬሪ ወንዝ ሞልቶ መንደሩን የዋጠ ጊዜ ማይቲሊ ገና ወጣት የሳንስክሪት መምህር ነበረች። ውኃው ደረቷ ድረስ ደርሶ፣ አንድ የጭቃ ቤት ሥር ቆማ እጆቿን ዘርግታለች። ጣሪያው ላይ ያለችው ሴት በነጠላ የተጠቀለለ ሕፃን ለቀቀችላት። ሕፃኑ መዳፎቿ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ግድግዳው ተናደ። የሴትየዋን ስም ማንም ሳያውቀው ቀረ። ማይቲሊን ለጋብቻ የጠየቁ ሁሉ «ልጁን ለሕፃናት ማሳደጊያ ስጪ» አሏት። እሷ ጠያቂዎቹን መለሰቻቸው።

ልጆች ትምህርት ቤት «እባብ፣ እባብ» ብለው ያባረሩት ቀን እያለቀሰ ገብቶ ለምን እንዲህ ያለ ስም እንዳወጣችለት ጠየቃት። ማይቲሊ የታጠበ ሩዝ በድንጋይ እየፈጨች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ፓታንጃሊ ታላቅ የሰዋስው ሊቅ ነው። ጎኒካ የምትባል የተማረች ሴት ልጅ አልነበራትም። አንድ ማለዳ በእፍኟ ውኃ ይዛ ለፀሐይ ስታቀርብ፣ ትንሽ እባብ ከሰማይ እፍኟ ውስጥ ወደቀና ሕፃን ሆነ። የስሙ መጀመሪያ መውደቅ ማለት ነው፤ አንጃሊ ደግሞ እፍኝ ነው።»

«እውነት ነው?»

«ስለ እባቡ እንጃ። ስሙ ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱም ይከራከራሉ። የጎኒካ ልጅ የሚሉት ግን አሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።» ያኔ መፍጨቷን አቁማ አየችው። «አንተ ስትወድቅ ግን ዓይኔ አይቷል። ነገ ሲስቁብህ ይህን ንገራቸው።»

ለማይቲሊ ውኃ በሚፈስበት ማለዳ ፓታንጃሊ ወንዙ ዳር ከሴሻድሪ ቀጥሎ ጸጉር አስተካካዩ ፊት ቁጢጥ አለ። ጸጉሩን የሚላጭ የሟች ልጅ ነው። ሰውየው ምላጩን ይዞ ወደ ኩንጃማል ተመለከተ።

«ማን አዘዘህ?» አለው ፓታንጃሊን።

«እናቴ ሞታለች። ሌላ ምን ትእዛዝ ትፈልጋለህ?»

ሰውየው ትንሽ አሰበና የፓታንጃሊን ራስ ማርጠብ ጀመረ።

ሴሻድሪ ውኃውን አፍስሶ ሲወጣ ፓታንጃሊ ወደ ወንዙ ገባ። ከደረጃው ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። ሻስትሪው ሽማግሌ ናቸው፤ ጠብ አይወዱም። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ነገሩት።

«ዘሩን የማያውቅ ሰው ካሽያፓ ይላል። ሁላችንም ከጥንቱ አባት ከካሽያፓ ነን። በል፣ ካሽያፓ በልና ይለፍ።»

«ይኼ ጥሩ ነው» አለ ሴሻድሪ እፎይ ብሎ። «በቃ፣ እንዲህ ይሁን።»

ፓታንጃሊ ራሱን ነቀነቀ። «አልልም። እሷ አርባ ዓመት ሙሉ ልጄ ስትለኝ ኖራ፣ እኔ ዛሬ የማላውቀው ሰው ዘር ነኝ ብዬ ውኃ አልሰጣትም። የማይቲሊ ልጅ ይበሉ።»

«እንዲህ የሚባል ሥርዓት የለም» አሉ ሻስትሪው።

«የፓታንጃሊን ሰዋስው በልጅነትዎ አጥንተዋል። አባቱ ማነው ብለው መጽሐፉን አስቀመጡት?»

«ያ እኮ ተረት ነው» አለ ሴሻድሪ።

«ይሁን። እኔ ግን ተረት አይደለሁም።»

ኩንጃማል ከደረጃው ጫፍ ተነሡ። «ባይደርሳትስ? ልጄ፣ ባይደርሳትስ?»

ልጄ ብለውት አያውቁም። ፓታንጃሊ ዞሮ አያቸው።

«ካልደረሳት ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ አክስቴ። ከጎርፍ ስትቀበለኝ ዘሬን አልጠየቀችም። ዛሬም አትጠይቀኝም።»

ሻስትሪው ጸሎቱን አልጀመሩም፤ ትተውትም አልሄዱም። ፓታንጃሊ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ውኃ ዘገነ።

«የማይቲሊ ልጅ ፓታንጃሊ፣ ለእናቴ ለማይቲሊ» አለ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

በሥርዓቱ መሠረት አሁን ውኃው በአውራ ጣቱ በኩል መፍሰስ ነበረበት። እጆቹ ግን እንደተገጣጠሙ ቀሩ። ከጠብታ በላይ እንዳያመልጠው ጣቶቹን አጥብቆ፣ መዳፉ ውስጥ ያለውን ውኃ ብቻ ያያል።

ሻስትሪው ልብሳቸው እየራሰ ወደ ውኃው ገብተው ክርኑን ያዙት።

«ላላ አድርገው፣ ልጄ» አሉት ቀስ ብለው። «እናትህ ትጠጣ።»

አውራ ጣቱን ትንሽ ከፈተ፤ ውኃው ቀጥኖ መውረድ ጀመረ።